ምዕራፍ ሰባት፦ ከአዞው ሐይቅ እስከ እንሰቱ ጓሮ

ጨንቻ ላይ ውኃዬን ጠጥቼ ጨረስኩና ባዶውን ፕላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ከድኜ ቦርሳዬ ጎን ሻጥ አደረግኩት። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ከቦርሳዬ «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣ። ባየው ፕላስቲኩ ወገቡ ላይ ገባ ብሏል። ጥቂት ቆይቶ ደገመ። አርባ ምንጭ ስንደርስ አንድ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ ታየኝ ነበርና፣ «ጋሼ፣ ጆሮዎትም እኮ እንደሱ ሆኖ ነው የተደፈነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክዳኑን ስከፍተው ፕላስቲኩ አየር ስቦ ተመልሶ ተነፋ፤ እኔም ምራቄን ስውጥ ጆሮዬ ተከፈተ።

ይህን ምዕራፍ በዚያ ፕላስቲክ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው በጋሞ ምድር ሲዘዋወር የሚያየው ነገር ሁሉ፣ ማለትም አዞው፣ ሙዙ፣ እንሰቱ፣ ከቀርከሃ የተሠራው ቤት፣ ሸማው፣ በገበታው ላይ የሚቀርበው ሁሉ፣ ሥሩ ከዚያች ፕላስቲክ ጋር አንድ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን ተጓዡ ከአንድ ዓለም ወጥቶ ሌላ ዓለም ይገባል።

ጋቢና ነጠላ

ልጆች የሚጠይቁት፣ አዋቂዎችም ብዙ ጊዜ በልባቸው ይዘውት የሚዞሩት ጥያቄ አለ፦ ተራራ ላይ ስንወጣ ወደ ፀሐይ እንቀርባለን፤ ታዲያ ለምን ይበርደናል?

መቅረቡን በቅድሚያ እንተወው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መቀነስ ምንም ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ፀሐይ አየርን በቀጥታ እምብዛም አለማሞቋ ነው። ብርሃኗ አየሩን አልፎ መሬት ላይ ያርፋል፤ መሬት ይግላል፤ አየሩ የሚሞቀው ከዚያ በኋላ ከታች ወደ ላይ ነው። ከሥር እሳት የነደደበትን ምጣድ ማሰብ ይቻላል። እጃችንን ወደ ምጣዱ ስናስጠጋ ይፋጃል፣ ከፍ ስናደርግ ይበርዳል።

ሁለተኛው ምክንያት በፕላስቲኩ ላይ የታየው ነው። አየር ክብደት አለው። ታች ያለው አየር ከላዩ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚኖር የታመቀ ነው፤ ላይ ያለው ሸክሙ ስለቀለለ የላላ ነው። ጨንቻ ላይ የከደንኩት የላላውን አየር ነበር። ታች ስወርድ የውጪው አየር በረታበትና ፕላስቲኩን ጨመቀው። ከመጠኑ ከስድስት አንድ እጁን ያህል አሳጣው። አየር ታች ሞቆ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እየላላ፣ እየሰፋ ይሄዳል፤ የሚሰፋ አየር ደግሞ ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ጎማ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ስንነፋ ማነፊያው ይግላል፣ ቫልቩን ከፍተን ስናስተነፍሰው ጣታችንን የሚነካው አየር ቀዝቃዛ ነው።

በዚያ ላይ ሌሊቱ አለ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ነጠላ ግን ሳሳ ያለ። ቆላ የሚያድር ሰው ወፍራም የአየር ጋቢ ለብሶ ያድራል። መሬት ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ቶሎ አይወጣላትም። ደጋ ላይ ያለው ግን ነጠላ ነው የለበሰው፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱ ወደ ላይ ይበራል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚሰጠን ቁጥር በቃል ለመያዝ ቀላል ነው። መቶ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ መጠን ይቀንሳል። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ያለውን ስናሰላ ስምንት ዘጠኝ ዲግሪ ይመጣል። አርባ ምንጭ በሸሚዝ የሚሄደው ሰው ጨንቻ ሲደርስ ጋቢ የሚፈልገው በዚህ ሂሳብ ነው።

ተራራው የሚረዝምበት አገር

በምዕራፍ ሦስት ስለ ፀሐይ ዓመታዊ ጉዞ ስናነሣ ሐሩር ክልል ማለት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናት ላይ የምታልፍበት የምድር መቀነት መሆኑን አይተናል። አገራችን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚህ መቀነት ውስጥ ናት። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ ስድስት ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ትገኛለች። በዚያ ቦታ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አይለዋወጥም። በጣም የሞቀውንና በጣም የቀዘቀዘውን ወር አማካይ ብናስተያይ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው። የሚለወጠው ዝናቡ ነው፤ ያም በምዕራፍ አራት እንዳየነው የዝናቡ መቀነት ወደ ሰሜን ሲያልፍ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሲመለስ ደግሞ በጥቅምት አካባቢ ይጎበኛታል።

ስለዚህ በሐሩር ክልል ቅዝቃዜ የሚፈልግ ሰው ክረምትን መጠበቅ አይበጀውም። መውጣት አለበት። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፦ በሌላው ዓለም አየሩን የሚለውጠው የቀን መቁጠሪያው ሲሆን በእኛ ግን ዳገቱ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይናደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ስም አውጥተውለታል። እያንዳንዱ ስም የሚነግረን የሜትሩን ልክ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚታረስበት፣ ሰው በምን እንደሚታመም ሁሉ በውስጡ አለ። በአውሮፓ ሳይንስ ይህ ጉዳይ በሥዕል ተነድፎ የወጣው ከጀርመናዊው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በኋላ ነው። ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1802 ከጓደኛው ከኤሜ ቦንፕላን ጋር በኢኳዶር ያለውን የቺምቦራዞን ተራራ ሽቅብ ወጥቶ፣ ዕፅዋቱ በከፍታ እንዴት እንደሚለያዩ አንድ ትልቅ የተራራ ሥዕል ላይ በየደረጃቸው ስማቸውን ጻፈ።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን ዳንኤል ጃንዘን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሣው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነበር፦ የሐሩር ክልል ተራራ ለምን ይበልጥ ይረዝማል? በሜትር አይረዝምም፤ አንድ ሺህ ሜትር የትም አንድ ሺህ ሜትር ነው። የሚረዝመው ሊያቋርጠው ለሚነሣው ፍጡር ነው።

ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እዚያ ያለ ዛፍ በሐምሌ ሙቀት ይታጠባል፣ በጥር በረዶ ተሸክሞ ይቆማል። ሣጥኑ ውስጥ የሙቀትም የብርድም ልብስ አለው። እንዲህ ያለ ፍጡር ሽቅብ ቢወጣ የሚገጥመው ብርድ ከዚህ በፊት የሚያውቀው ነው። ጫሞ ዳር ያለው ፍጡር ግን ዕድሜ ልኩን ብርድ አላየም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ልብስ ብቻ ነው፤ ያም ለዚያች ደረጃ የተሰፋ። ለእሱ አንድ ሺህ ሜትር ዳገት የባዕድ አገር ድንበር ነው። ከዚህ የተነሣ በሐሩር ክልል ተራራ ላይ ያሉ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ነዋሪ አላቸው፤ ከታች ያለው ወደ ላይ፣ ከላይ ያለው ወደ ታች በቀላሉ አያልፍም።

አሁን ይህን ይዘን ከታች እንጀምር።

ታችኛው ደረጃ

አርባ ምንጭ ቁልቁል ስታይ ሁለት ሐይቆች ከፊቷ ተዘርግተዋል። በስተሰሜን ያለው አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። በስተደቡብ ያለው ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ያደላል። ሁለቱን የሚለየው ጠባብ የኮረብታ አንገት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። አመሻሽ ላይ ከላይ ሆኖ ያየው ሰው ስሙን ማን እንዳወጣለት ለመጠየቅ አይቸኩልም፤ ስሙ ራሱ ይበቃዋል።

ጫሞ ላይ በጀልባ ሲኬድ «የአዞ ገበያ» የሚባል ዳርቻ አለ። አዞዎቹ ጭቃው ላይ ተጋድመው አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰው ሲያያቸው የተቆጡ ይመስለዋል። አዞ ግን እንደ እኛ ከውስጥ ምድጃ የለውም፤ ሙቀቱን የሚበደረው ከፀሐይና ከውኃው ነው። ሲቀዘቅዝ ይወጣል፣ ሲሞቅ አፉን ይከፍታል፣ ሲበዛበት ወደ ውኃው ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ዲግሪ መመጠን ነው። ዲግሪዋ ደግሞ ገና ከመፈልፈሉ በፊት ትወስንለታለች፤ የአዞ እንቁላል ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። የሁለት ሦስት ዲግሪ ልዩነት አንዱን ጎጆ በሙሉ ሴት ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ያለ ፍጡር ስምንት ዘጠኝ ዲግሪ የሚቀንስበት አገር እንዴት ሊወጣ ይችላል? ጨንቻ ላይ ሐይቅ ቢኖር እንኳ አዞ አይኖርበትም።

በሐይቆቹ መካከልና በስተምሥራቅ የተዘረጋው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ነው። ስሙን ያገኘው ሲደርቅ ከሚነጣው ሣሩ ነው፤ የሜዳ አህያ መንጋ በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ ሲጋልብ ጥቁሩ ክር ብቻ የሚሮጥ ይመስላል። በዚህ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመራማሪዎች ቡድን አንዲት የሞተች፣ በሌሊት የምታድን ወፍ አገኘ። የዳነው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ያች አንዲት ክንፍ ተመርምራ ከሚታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር ስላልገጠመች፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ሳይንሳዊ መጠሪያዋም በላቲን «አንድ ክንፍ» ከማለት የተወሰደ ነው። ስለ አንድ ደረጃ ጠባብነት ሳስብ ሁሌ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

ለምሳ የቀረበልኝ ጫሞ ያወጣው ነው፦ ቆሮሶ፣ ሙሉውን ተቀርድዶ በዘይት የተጠበሰ፤ ከጎኑ የዓሣ ዱለት፣ በቃሪያና በሽንኩርት ተለውሶ ገና ጭሱ የሚወጣ። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ዓሣ በጾም ወራት ብቻ የሚያስታውስ ከሆነ እዚህ ልማዱን ይለውጣል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ሙዝ ነው። ዓይን እስኪታክት ሙዝ። አዲስ አበባ ላይ በየሱቁ በር ተሰቅሎ የምናየው ዘለላ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተጫነ ነው።

የዳገቱ ድንበር

ከአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚያቀናው መንገድ ወዲያው ሽቅብ ይይዛል። ሾላውና ግራሩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሙዙ እየሳሳ ይሄዳል፣ በቆሎ ይተካል፤ ከዚያ ነፋሱ ጠባዩን ይለውጣል፣ የመኪናው መስኮት አንድ በአንድ ይዘጋል።

በዚህ መካከል በዓይን የማይታይ ድንበር አለ። የወባ ድንበር። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በሰውነቷ ውስጥ ተውሳኩን የምታሳድገው ሙቀት ሲኖር ነው። ሲቀዘቅዝ ተውሳኩ ከማደጉ በፊት ትንኟ ዕድሜዋ ያልቃል። በአገራችን ይህ ድንበር በልምድ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው ሲባል ኖሯል። የጋሞ ደጋ እንዲህ ጥቅጥቅ ብሎ የታረሰው፣ ቤትና ቤት የተያያዘው፣ ታችኛው ሜዳ ግን ለረጅም ዘመን ለሰው ሳይመች የኖረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም መጀመሪያ ጨንቻ ነበረች፤ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው ኋላ ነው። ወባን ንዳድ የሚሉትን ሽማግሌዎች ያነጋገረ ሰው ከላይ መኖር ለምን ጥበብ እንደነበረ ይገባዋል። ተጓዡ ዛሬም አርባ ምንጭ ሲያድር አጎበር ይዘርጋ፤ ጨንቻ ሲያድር ብርድ ልብስ ይደርብ።

ድንበሩ ግን ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ፣ በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋማ ቦታዎች የተደረገ ጥናት ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ደረጃው ራሱ እየተነሣ ነው። ይህ የሚያስፈራኝ ለሰው ብቻ አይደለም፤ አንድ ልብስ ብቻ ላለው ፍጡር፣ ደረጃው ሲነሣ አብሮ መነሣት ግዴታው ነው፤ ከጫፍ በላይ ደግሞ መውጫ የለም።

ሁለቱ እህትማማቾች

የደጋዋ መንደር ዶርዜ ስንደርስ ታች የተውነውን ሙዝ እንደገና ያየን ይመስለናል። ያው ሰፊ ቅጠል፣ ያው እንደ ጥቅል ብራና የተደራረበ ግንድ። ግን አይደለም፤ እንሰት ነው። ሙዝና እንሰት ከአንድ ቤተሰብ የተወለዱ እህትማማቾች ናቸው። አንዷ ታች ቀረች፣ አንዷ ላይ ወጣች፤ እንደየደረጃቸውም ጠባያቸው ተለየ። ሙዝ ሙቀቱን ይዛ ቶሎ ታፈራለች፣ የምትበላውም ፍሬዋ ነው። የእንሰት ፍሬ አይበላም። እሷ ብርዱን ታግሣ ለዓመታት ምግቧን ግንዷና ሥሯ ውስጥ ስታጠራቅም ትኖራለች፤ ሰውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ ብርዱ በበረታበት ከዚያም በላይ። ዱር የበቀለ እንሰት በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ይገኛል፤ ተክሎ፣ ፍግ አብልቶ፣ የዕለት እንጀራው ያደረገው ግን የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው።

አንዲት እናት ጓሮአቸው ውስጥ ሲፍቁ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሳንቃው ዘንበል ብሎ ቆሟል። የግንዱን ልጥ በሳንቃው ላይ አስደግፈው ላዩን በእግራቸው ተረከዝ ረገጡት፤ በሁለት እጃቸው በያዙት የቀርከሃ ስለት ከላይ ወደ ታች ላጉት። ነጭ፣ እርጥብ፣ ወፍራም ነገር እየተንሸራተተ እግራቸው ሥር ወደተነጠፈው ቅጠል ወረደ። ሳንቃው ላይ የቀረው ረጅም ክር ብቻ ነው፤ ቃጫ። እኔም ልሞክር አልኩና ስለቱን ሰጡኝ። ልጡ ከእግሬ ሥር አፈተለከ። «ተረከዝህ ይርገጥ ልጄ፣ ጣትህ አይደለም» አሉኝ፤ በሁለተኛው ትንሽ ወጣልኝ።

የተፋቀው ቆጮ እንዲሆን በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል። በምዕራፍ አምስት ስለ እንጀራ ሊጥና እርሾ ያልነው ሁሉ እዚህ ይሠራል፤ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ሥራቸውን ጀምረው ሊጡን ያኮመጥጡታል፣ ከመበላሸትም ይጠብቁታል። ልዩነቱ ጊዜው ነው። የጤፍ ሊጥ በቀናት ይበቃዋል፤ ቆጮ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ይህም በደረጃው ይወሰናል፦ ሞቅ ባለ ቦታ ቶሎ ይደርሳል፣ በደጋ ይዘገያል። መዘግየቱ ግን ጉዳት አይደለም። ጉድጓዱ ጎተራቸው ነው፤ ዝናብ የቀረበት ዓመት ቢመጣ እንሰቷ ቆማ፣ ቆጮው ተቀብሮ ይጠብቃል።

ሲጋገር ደግሞ ጭማቂው ወጥቶ፣ ቃጫው ተከትፎ፣ በእንሰት ቅጠል መካከል ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ይጋደማል። ቅጠሉ ሲያር የሚሰጠው ጠረን ከቂጣው ጋር አብሮ ይበላል። በማርና በዳጣ አቀረቡልኝ፤ አንዱ ከንፈር ያጣፍጣል፣ ሌላው ጆሮ ግንድ ያቃጥላል። ኮምጣጣው ቂጣ በመካከላቸው ሆኖ ሁለቱን ያስታርቃል። በጎን የተቀቀለ ድንች ነበር። ስለ ድንቹ አንዲት ነገር ልጨምር፦ ላዩ ላይ ያለው አየር ስለሚላላ ጨንቻ ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ በባሕር ዳርቻ አገር ግን 100 ላይ። ድስቱ እየተንተከተከ እንኳ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ስለዚህ ድንቹም ንፍሮውም ጊዜ ይፈልጋል።

ከጓሮው ማዶ ፖም ተተክሏል። የጨንቻ ፖም ዛሬ አዲስ አበባ ድረስ ይታወቃል። ፖም የብርድ አገር ልጅ ነው፤ በዓመት ውስጥ ብርድ አግኝቶ ካላንቀላፋ በደንብ አያብብም። ጠዋት ሙዝ የቆረጠ ሰው ከሰዓት በኋላ ፖም ይቆርጣል፤ የሄደውም አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው።

ጥጡ ከየት መጣ?

የዶርዜን ቤት ፊት ለፊት ያየው ሰው የዝሆን ፊት ይመስለዋል። በሩ እንደ ኩምቢ ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው፣ በላዩ ያሉት ቀዳዳዎች ዓይን ናቸው። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይሠራል፤ ቀርከሃው የደጋ ቀርከሃ ነው፣ ታች አይበቅልም። አዲስ ሲሆን ቁመቱ አሥር ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፣ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያጠረ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ በትከሻው አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ውስጡ ጨለማና ሞቃት ነው። በአንድ በኩል ከብቶቹ ያድራሉ፤ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል፣ ፍጋቸው በማግሥቱ እንሰቷ ሥር ይወድቃል። ጭሱ ተባዩን ያባርራል።

ከቤቱ ጎን ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ተቀምጧል። ሴቶቹ ባዘቶውን ይዘው እንዝርቱን ያሾራሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ በድሩ መካከል ሽው ሲል ማጉን ትቶ ያልፋል። ወርቃማውና ቀዩ ጥለት ጠርዙ ላይ ቀስ እያለ ይወጣል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የአገር ልብስ የገዛ አንባቢ የዚህን ሕዝብ እጅ ሥራ ለብሷል፤ በሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት ብዙዎቹ ከዚህ ደጋ የወረዱ ናቸው። በመስከረም ለዮ ማስቃላ በዓል ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንደሩ በአንድ ሌሊት ይሞላል።

እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ እንሰት፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ቀርከሃ። ጥጥ የለም። ጥጥ ሙቀት ወዳድ ነው፣ እዚህ አይበቅልም።

«ጋሼ፣ ጥጡን ከየት ነው የምታመጡት?» አልኳቸው ሸማኔውን።

መወርወሪያውን ሳያቆሙ በአገጫቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱ። «ከቆላ ነዋ! እዚህ የሚበቅለው ብርዱ ነው።»

ይህን መልስ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። አዞውና ወፏ በደረጃቸው ታስረው ይኖራሉ። ሰው ግን ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ጥጡ ሙቀት ካለበት ይመጣል፤ ሸማው የሚለበሰው ብርድ ባለበት ነው፤ ስለዚህ የሚሸምነው ብርዱን የሚያውቀው ሆነ። ዶርዜ ገበያ ላይ በትኩረት ያየ ሰው ይህንኑ ያገኛል። ከታች የመጣው ሙዝ፣ በቆሎና ጥጥ ከላይ ከወረደው ቆጮ፣ ድንችና ገብስ ጎን ተቀምጧል። በሻጮቹ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ክንድ ነው፤ በሚበቅሉበት መካከል ያለው አንድ ሺህ ሜትር ዳገት። አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ የሚኖር ሕዝብ ይህን ለማግኘት ከአገር አገር መዞር ይኖርበታል። የጋሞ ሰው በአህያ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

አርባዎቹ ምንጮች

በመጨረሻው ቀን ወደ ታች ተመለስኩ። ፕላስቲኩም የታጠፈው ያን ዕለት ነው።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከተማዋ ከተቀመጠችበት ገደል ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከከተማዋ ሴቻ ሰፈር ቁልቁል ሲታይ በደረቁ ሜዳ መካከል አንድ ጥቁር አረንጓዴ ደን ተዘርግቷል። ይህ ደን እንቆቅልሽ ነበረው፤ አካባቢው የግራርና የቁጥቋጦ አገር ሆኖ ሳለ እዚህ ብቻ ግዙፍ ሾላዎች ዓመቱን ሙሉ ለምልመው ቆመዋል፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። በዚያ ቦታ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል ደን አያቆምም።

መልሱ ላይ ነው ያለው። እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ እርጥበቱን መሸከም አቅቶት ያወርደዋል። ስለዚህ ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ይበልጥ ይዘንባል። ያ ውኃ ሁሉ በወንዝ አይወርድም። ከፊሉ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል፣ በማይታይ መንገድ ዝቅ ዝቅ ብሎ ገደሉ ግርጌ ብቅ ይላል። የደኑ ሥር የሚጠጣው ይህንን ነው። የከተማዋም ሕዝብ ከዚሁ ይጠጣል። በጋሞ ደጋ ላይ ዛፋቸው የማይቆረጥ የተከበሩ ደኖች አሉ፤ መቁረጥ ጎሜ ነው፣ ነውርም እርግማንም። ዛፍ ያለበት አፈር ዝናቡን ቶሎ አያሳልፈውም፤ ይዞ ያሰርገዋል። ጎሜን የደነገጉት ሽማግሌዎች ታች ያለው ሕዝብ የሚጠጣውንም አብረው ጠብቀዋል።

ደኑ ውስጥ ገብቼ ከአንዱ ምንጭ አጠገብ ተንበረከኩ። ውኃው ከሥሮቹ መካከል ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል፤ ወለሉ ላይ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የያዝኩትን ፕላስቲክ አውጥቼ ሞላሁት። የታጠፈበት መስመር አሁንም ጎኑ ላይ ነበር። ወጥቼ ወደ ሰሜን ቀና ስል ሲቀላ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ጨንቻ ግን በደመና ተሸፍና አትታይም፤ ዝናብ ጀምሯት ነበር።